«አሪፍ ነው፣ ግን ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» ለሚባሉት የአራት ኪሎ ልጆች

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ሰላም ጋሼ። አምስት ጓደኛሞች ነን። ፒያሳ የነበረችው መለማመጃ ቤታችን ከፈረሰች በኋላ አራት ኪሎ አንዳችን ቤት፣ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው የምንሠራው። ሁለት ድምፃውያን አሉን፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ኪቦርድ፣ ቤዝ ጊታርና ማሲንቆም አለን። ድራሙ ከኮምፒውተር ነው። የመጀመሪያ ሥራችንን፣ ስድስት ዘፈን፣ ልናወጣ ነው። አንዱ ትዝታ ከአር ኤንድ ቢ፣ አንዱ ባቲ ከሮክ (ጊታሩን ጓደኛችን ነው የመታልን)፣ አንዱ አምባሰል ከፒያኖ፣ አንዱ ችክችካ ከሃውስ፣ አንዱ ራፕ ነው። የመጨረሻው ከድሮ ሸክላ ቆርጠን የሠራነው ነው። ለሰው ስናሰማ ሁሉም “አሪፍ ነው፣ ግን ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?” ይለናል። አንድ ስቱዲዮ ያለው ሰው አንዱን ስልት ያዙና ሌላውን ጣሉ ብሎናል። እንጣል?»

አትጣሉ። ግን አሁን እንዳለም አታውጡት።

የላካችሁልኝን ዴሞ ሦስቴ ሰማሁት። አንዴ በጆሮ ማዳመጫ፣ አንዴ መኪና ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ ባለቤቴ ቡና እያፈላች ከወጥ ቤት እንድትሰማው ድምፁን ከፍ አድርጌ። እሷ ሙዚቃ አልተማረችም። ጆሮዋ ግን ከእኔ ይሻላል። አራተኛው ዘፈን ሲጀምር «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» አለችኝ። የነዚያው ልጆች ነው አልኳት። «እ?» አለች። ሰው ሁሉ የሚጠይቃችሁ ይቺኑ «እ?» ነው። ስም ቢፈልግ ኖሮ «ፖፕ ነው» ብላችሁ በሸኛችሁት ነበር። ግራ የገባው ከአንደኛው ዘፈን ወደ አራተኛው ሲሻገር እናንተን የሚያውቅበት ምልክት ስላጣ ነው።

መቀላቀሉማ ለዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ገብተው የናስ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። የወንድሙ ልጅ ነርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ውስጥ የአገራችንን ዜማ ለምዕራባውያን መሣሪያ ሲያቀናብር ኖረ። የጅማው ተወላጅ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ የላቲንን ምት ከእኛ ዜማ ጋር ቀላቅሎ ሁለት ሸክላ አወጣ። ኢትዮ ጃዝ የምንለው ነገር ከዚያ እያደገ የመጣ ነው። በእኛ ዘመን ደግሞ ሮፍናን በ2018 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ አልበሙ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ቤት ድምፅ ጋር ይዞ መጣ። የመጀመሪያ አልበሙን አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገለት ጃኖ ባንድም በሮክ በኩል መጥቷል። «አንዱን ምረጡ» የሚለው ምክር ለእነዚህ ሁሉ ቢሰጥ ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ብዙ ነገር ባልተሠራ ነበር።

ግን ሙላቱን አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ፣ እንደ ተማሪ ስሙት። ከታች ኮንጋው አለ፣ ቫይብራፎኑ አለ፣ ኮርዱ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች ስብስብ፣ ይለዋወጣል። ከላይ ያለችው ዜማ ግን ከቅኝቷ፣ ከተሠራችባቸው አምስት ድምፆች፣ ንቅንቅ አትልም። እዚያች ላይ ቆሞ ነው ሌላውን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው። የእናንተ ዴሞ ላይ ከዘፈን ዘፈን ዜማውም፣ ኮርዱም፣ ምቱም፣ የድምፃዊው አዘፋፈንም፣ የድምፁ ቅባትም ይቀየራል። እንግዲህ ሰው ምኑን ይያዝ?

ወደ ዘፈኖቹ ልግባ። በተራ አልሄድም፤ በሕመማቸው መጠን ነው።

ከሁሉም የታመመችው አምባሰሏ ናት። የሚያሳዝነው ደግሞ ዜማዋ ከስድስቱ አንደኛ መሆኗ ነው። ልጅቷ ስትዘፍን ፀጉሬ ቆሟል። ችግሩ ያለው ከሥሯ ነው። አምባሰል ከዶ ሲነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው (ፍላት ማለት ግማሽ እርከን ዝቅ ያለ ነው)። ሚ የለም። ሚ ፍላትም የለም። ስለዚህ ዶ ላይ ቆማችሁ ሜጀርም ማይነርም ኮርድ ልትሠሩ አትችሉም፤ መሐሏ ባዶ ነው። ኪቦርዲስታችሁ ይሄን ባዶ ቦታ ሲያይ ጨነቀው መሰለኝ፣ ኤፍ ማይነር፣ ማለትም ከፋ የሚነሳውን ማይነር ኮርድ፣ አስገባበት። ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ። ሦስቱም ድምፆች ቅኝቱ ውስጥ አሉ። በወረቀት ላይ ስህተት የለውም።

በጆሮ ግን ቤቷ ተቀየረ። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከፋ ጀምራችሁ ቁጠሯቸው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይሄ ምንድን ነው? የፋ ትዝታ ማይነር ነው። ልጅቷ አምባሰል ትዘፍናለች፣ ኪቦርዱ ከሥሯ ትዝታ ያነጥፋል። ዜማው ዶ ላይ አርፎ «ደረስኩ» ሲል፣ ኮርዱ «ገና ነሽ፣ ቤትሽ ፋ ነው» ይላታል። ሰሚው ይሄን በስም አያውቀውም። የሆነ ነገር ቅር እንዳለው ግን ያውቃል።

ይሄን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ልጅ ሆኜ፣ ገና ማቀናበር ስጀምር፣ እኔው ራሴ እንዲሁ አድርጌ አንድ ሽማግሌ ማሲንቆ መቺ ስቱዲዮ አስገባሁ። ሰውዬው የጆሮ ማዳመጫውን አደረጉ። ሁለት ዙር ሞከሩ። ከዚያ ደጋኑን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው «ልጄ፣ አምባሰል ብለህ ጠርተኸኝ ትዝታ ታስመታኛለህ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ድግሪ ጨብጬ ስለነበር ሰውዬው ኮርድ አያውቁም ብዬ ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ድምፆቹን ስቆጥር ነው ያፈርኩት። ብድግ ብዬ ይቅርታ ልጠይቃቸው በማግስቱ ብሄድ፣ ነገሩን ረስተውታል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቤዙ ዶና ሶልን ይዞ እንደ በገና ይንጎራጎር። ኪቦርዱ ያችን ኤፍ ማይነር ይተዋትና ዶና ሶልን፣ ወይም ዶና ፋን ብቻ ክፍት አድርጎ ይያዝ። መሐል ላይ፣ ዜማው ራሱ ወደ ፋ ሲወጣ፣ አንዴ ኤፍ ማይነሩን ብልጭ አድርጎ ቢመለስ ያምራል። እንደ እንግዳ ይምጣ፤ የቤቱ ባለቤት አይሁን። ፒያኖው ያንሳል ብላችሁ አትፍሩ። ባዶውን ቦታ የልጅቷ ድምፅ ይሞላዋል።

ትዝታዋ ያን ያህል አልተጎዳችም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋና ሲ የሉበትም። አር ኤንድ ቢ ደግሞ ሲን ይወዳታል፤ ያ የለሰለሰው ሜጀር ሰባተኛ ኮርድ የሚሠራው በእሷ ነው። እናንተም ከመጀመሪያው ባር ጀምራችሁ ደፍታችሁባታል። በሱ ፋንታ ላ፣ ዶ፣ ሚ፣ ሶልን ሞክሩ። ከላ የሚነሳ ሙሉ ኤ ማይነር ሰባተኛ ነው፤ አንድም ባዕድ ድምፅ የለውም፣ ልስላሴውም አይጎድልም። ሲን ለድልድዩ፣ ዘፈኑ መሐል ላይ ዜማው ለሚቀየርበት ክፍል፣ አስቀምጡልኝ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ድንገት ሲመጣ ሰው ምን እንደነካው ሳያውቅ ቀና ይላል።

የባቲዋ ዘፈን ደህና ናት፤ ብዙ አልናገርባትም። ባቲ ማይነር ማለት ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። የሮክና የብሉዝ ጊታሪስት በእንቅልፍ ልቡ የሚመታቸው አምስት ድምፆች እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ጓደኛችሁ ብዙ ሳይለፋ ገብቶበታል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ድምፆቹ አንድ ስለሆኑ፣ ጊታሩ ሶሎ ላይ ሲደርስ ባቲን ጥሎ ብሉዝ ሄዷል። ባቲ ድምፆቿ ብቻ አይደሉም፤ የምትወርድበትና የምታርፍበት መንገድ አላት። መጀመሪያ ማሲንቆው ሶሎውን ይምታው። ጊታሩ እሱን ሰምቶ ይቅዳ።

ሃውሱ። እዚህ ጋ ነው ባለቤቴ «እ?» ያለችው።

ችክችካ በስድስት የሚቆጠር ምት ነው። ሲፈልግ ሁለት ቦታ፣ ሲፈልግ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ትከሻን የሚያስነሳው ይሄ መወላወሉ ነው። ሃውስ፣ የጭፈራ ቤቱ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ፣ በአራት ነው የሚቆጠረው፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ኮምፒውተሩ ገና ሲከፈት አንዱን ባር (አንዱን የምት ዙር) ለ16 ከፍሎ ነው የሚያቀርብላችሁ። እናንተም የከበሮውን ምት በግድ በዚያ 16 ቤት ውስጥ ጎዝጉዛችሁታል። ስድስት ደግሞ 16 ውስጥ ልክ አይገባም። ትርፍ ይወጣል። ለዚያ ነው ከበሮው የሚያነክሰው። ድራሙን የሠራው ልጅ «እስታይል ነው» እንደሚል አውቃለሁ። እኔም በዕድሜው እንዲሁ እል ነበር።

እያንዳንዷን «ዱም» ለሦስት ክፈሉ። አራት ሲባዛ በሦስት 12 ነው። 12 ማለት ሁለት ሙሉ የችክችካ ዙር ነው። ትልቁ ድራም ሃውሱን ሳይለቅ፣ ከበሮው ከላዩ ላይ ሳያነክስ ይሄዳል። ፍጥነቱንም በደቂቃ ከ126 ምት ወደ 115 ገደማ አውርዱት። በ126 እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻውን መመለሻ ጊዜ ያጣል፤ ክፍላችሁ ውስጥ ቆማችሁ ሞክሩትና እዩት። ሌላው፣ ከበሮውን ከኮምፒውተር አታውጡት። አንድ ከበሮ ተውሳችሁ በእጅ ምቱ፣ ቅዱት፣ ከዚያ ጥቃቅን መዛነፉን አታስተካክሉት። ማሽኑ ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ እጅ ትንሽ ይወላገድ። የሁለቱ ግጭት ነው ሙቀቱ።

ራፑን በተመለከተ ልጁ ጎበዝ ነው። ትንፋሽ አለው፣ ግጥሙም ቀሽም አይደለም። ግን አማርኛ መጥበቅና መላላት ያለው ቋንቋ ነው። ፊደሉ አያሳየውም፣ አፍ ግን ያውቀዋል። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ይገኛል። የእናንተ አዝማች «ገና ነው ለኛ» ይላል። ገና ብዙ ይቀረናል፣ ጊዜያችን አልመጣም ለማለት ነው፤ ስሜቱ ገብቶኛል። ነገር ግን ምቱ የሚወድቀው በ«ገ» እና በ«ና» መሐል ስለሆነ ልጁ ሳያውቀው ያጠብቃታል። ጠብቃ ስትሰማ የልደት በዓል ትሆናለች። ስምንት ጊዜ እየደጋገማችሁ በጥቅምት ገናን አመጣችሁብን። «ገ»ን አሳጥሮ ቶሎ «ና» ላይ ይረፍ፣ ያኔ ይላላል። ሙሉ ግጥሙንም እንዲሁ አንድ ጊዜ ያለ ሙዚቃ፣ እንደ ወሬ አውሩትና የት እንደሚጠብቅ አስምሩበት። ቢቱን ለቋንቋው አስተካክሉ። የእንግሊዝኛ ራፐር ይሄ ጣጣ የለበትም፤ ስለዚህ ከእሱ አቀማመጥ ስትቀዱ ተጠንቀቁ።

የዘፋኝን ድምፅ ስለሚያርመው ፕሮግራም፣ ስለ ኦቶ ቱን አንድ ነገር ልበል፤ ሁለቱም ድምፃውያን ላይ ተጭኗል። መጠቀሙን አልቃወምም። ግን ፕሮግራሙን ሁሉንም 12 ድምፅ እንዲያውቅ አድርጋችሁ ትታችሁታል። ልጅቷ ድምፅዋን ስታርገበግብ ማሽኑ እያንዳንዷን ርግብግቢት ወደ ቅርቡ ድምፅ ይጎትትባታል፤ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ድምፅም ቢሆን። የቅኝቱን አምስት ድምፆች ብቻ ምረጡለት። የማረሚያውን ፍጥነትም አዝግሙት። በአምባሰሏ ላይ ደግሞ ጨርሶ አጥፉት፤ እሷ አያስፈልጋትም።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ያለውን ሸክላ አውቄዋለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ሰው የወደደውን ነገር መቁረጡ ይገባኛል። አምሐ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸክላ ባያሳትም ኖሮ ብዙው የዚያ ዘመን ድምፅ አየር ላይ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ ዘመን የሚቆርጥ ሁሉ የእሱንና የመሰሎቹን ድፍረት ነው የሚበላው። ነገር ግን ሸክላው አሮጌ ነው ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ አመንጪ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ግጥምና ዜማው አንድ መብት ነው። የተጫዋቾቹና የአሳታሚው መብት ደግሞ ሌላ ነው። «ራሳችን ደግመን ብንጫወተውስ?» ትሉኛላችሁ። የቀረጻውን ጣጣ ያቀልላችኋል፣ የዜማውን አያቀልላችሁም። ፈቃድ ጠይቁ፤ ቤተሰቡን ማግኘት በዚህ ከተማ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ካልሆነ ዘፈኑን ለሁለተኛው ሥራችሁ አቆዩት። አምስት ጥሩ ዘፈን ለመጀመሪያ ይበቃል።

እግረ መንገዴን፣ ማን ምን እንደሠራ አሁኑኑ ጻፉ። ግጥም እከሌ፣ ዜማ እከሊት፣ ቅንብር እነ እከሌ። አንድ ገጽ ወረቀት፣ አምስት ፊርማ። አሁን ተዋዳችኋል፣ ስለዚህ ሰዓቱ አሁን ነው። አንድ የማውቀው ቡድን አንዲት ዘፈን ከተሳካችለት በኋላ «ዜማው የኔ ነው» «አይ፣ የኔ ነው» ተባብሎ ተበተነ። ዘፈኗ አሁንም ሠርግ ላይ ትከፈታለች። ልጆቹ ግን ሰላም አይባባሉም።

እንግዲህ ወደ «እ?» ልመለስ። ይሄ ሁሉ ከተስተካከለም ስድስቱን ዘፈን የሚያስተሳስር አንድ ነገር ያስፈልጋችኋል። እኔ ማሲንቆው ነው እላለሁ። ሌላ ሰው የልጅቷ ድምፅ ነው ሊላችሁ ይችላል፣ አልከራከረውም። ግን ጥሩ ድምፅ ያላት ልጅ ያለችበት ቡድን ብዙ ነው። የፖፕ ቡድን ሆኖ ከአምስቱ አንዱ ማሲንቆ የሆነ ግን ስንት ታውቃላችሁ?

አሁን ማሲንቆው ሁለት ዘፈን ላይ ብቻ፣ መግቢያው ላይ ብቅ ብሎ ይጠፋል። እንደ ሠርግ አጃቢ ሙሽሮቹን አስገብቶ ይወጣል። ይሄን ተዉት። ስድስቱም ላይ ይግባ፣ ግን በየዘፈኑ ሌላ ሥራ ይያዝ። ሮኩ ላይ በጊታር አምፕሊፋየር አሳልፉት፣ ይጩኽ። የፈረስ ጭራ በአምፕሊፋየር ሲጮህ ከየትኛውም ጊታር የበለጠ ያስፈራል። ሃውሱ ላይ አንዲት ሐረግ ቅዱና እየቆራረጣችሁ ደጋግሟት። አር ኤንድ ቢው ላይ ረጅም ድምፅ ይዞ ከሥር ይተኛ፤ ኪቦርዱ የያዘውን ቦታ ይውሰድበት። አምባሰሏ ላይ ከልጅቷ ጋር ይመላለስ፣ እሷ ትጠይቅ እሱ ይመልስ። ራፑ ላይ ደግሞ ልጁ ሲተነፍስ ብቻ ይግባ። አዝማሪ ግጥም ሲያስብ ማሲንቆው የሚሞላለትን ክፍተት ታውቁታላችሁ አይደል? እሷን ክፍተት ነው የምላችሁ። ከስድስት መቶ ዓይነት ራፕ መሐል ይቺ የእናንተ ትሆናለች።

እንዳይረሳ፦ ማሲንቆው የሚቃኘው ለዘፋኟ ድምፅ ነው። ስድስቱን ዘፈን በስድስት የተለያየ ቁልፍ ከሠራችሁት አንዷን ጭራ ስታጠብቁና ስታላሉ ትውላላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ቁልፍ ምረጡና እነሱ ላይ ደልድሉ። ይሄ ራሱ ሥራው አንድ ቤት ውስጥ እንደተሠራ እንዲሰማ ያግዛል።

በቅደም ተከተሉ አምባሰሏን መጀመሪያ አድርጓት። ኪቦርዲስቱ ይቃወማል፣ ሃውሱ ይቅደም ይላል፤ አትስሙት። ሃውሱ ሦስተኛ ይሁን። ስልቱን የሚጠይቃችሁ ፎርም ላይ፣ ዘፈኑን ለመተግበሪያዎቹ ስትልኩ፣ ፖፕ ብላችሁ ሙሉና እለፉ። እዚያ ላይ ሌሊት መከራከር አያስፈልግም።

ለማስተሪንግ፣ ለመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ፣ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አንድ ሥራ አለባችሁ። በስልካችሁ ይዛችሁት ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ታክሲ ተሳፈሩ። ሹፌሩን ለምኑትና በራሱ ስፒከር ያስከፍትላችሁ። የእናንተ ነው አትበሉ። ከኋላ ቁጭ ብላችሁ ሰው ፊት ብቻ እዩ። ረዳቱ ሁለተኛው ዘፈን ላይ «ቅድም የነበሩት ናቸው አይደል?» ካለ፣ ሥራው አልቋል፣ ላኩት። ካላለም ሰርቪሷ ክፍል አራት ኪሎ አለች፤ እኔም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም።